የዕድሮች ኅብረት በምን ይመዘናል?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከፒያሳ የተነሣው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2017 መጀመሪያ ወደ ካዛንቺስ ሲሻገር፣ ብዙ የተባለው ስለ ቤት፣ ስለ ካሳና ስለ መንገድ ነው። ስለ ዕድር የተባለው ጥቂት ነው። አንድ ሰፈር ሲነሣ ግን ነዋሪው ሁሉ ባንድ ቦታ አይሰፍርም። የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው ገላን ጉራ ወይም ሌላ የኮንዶሚኒየም መንደር ይደርሰዋል፤ ባለ ይዞታው ካሳውንና ምትክ ቦታውን ይዞ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ደባሉ ኪራይ ወደሚቀልበት ዳርቻ ያመራል። የዕድሩ መዝገብ፣ ድንኳንና የባንክ ደብተር ግን የሁሉም ናቸው።

በዚህ መካከል ዕድሮች በኅብረት ይደራጁ የሚለው የቆየ ሐሳብ እንደገና መነሣቱ አይገርምም። አንዱ ሲሰማው ካዝና መቀላቀል ይመስለዋል፤ ሌላው ዕድሩን የወረዳ እጅ ሊያስገቡት ነው ብሎ ይሰጋል፤ ሦስተኛው ከረድኤት ድርጅት ገንዘብ ማግኛ መንገድ አድርጎ ያየዋል። ሦስቱም ከመሬት የተነሡ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የሚያስታውሱት ታሪክ አላቸው። ስለዚህ ኅብረት ይኑር አይኑር ብሎ ከመከራከር በፊት፣ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ማን እንደሚመራውና በምን እንደሚመዘን መለየት ይቀድማል።

ባንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ውህደት ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ዕድሮች ፈርሰው አንድ መዝገብ፣ አንድ ካዝናና አንድ መተዳደሪያ ደንብ ይኖራቸዋል። አባላቱ ባለቁበት ዕድር ዘንድ ይህ አንዳንዴ የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው በትክክል ኅብረት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ዕድር ካዝናውን፣ ደንቡንና ዳኛውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ተወካይ ይልካል፤ አስቀድሞ ለተስማሙበት ጉዳይ ብቻ መዋጮ ያወጣል። ጉዳዩ የድንኳንና የወንበር መዋዋስ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ፣ የአረጋውያን ድጋፍ ወይም የቀብር መኪና ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በወረዳና በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚታየው ምክር ቤት ወይም መድረክ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰብሳቢው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዓላማው መመካከርና መልእክት ማስተላለፍ ነው፤ የራሱ ካዝና የለውም ወይም ስም ብቻ ነው። ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አባሎቹ ያልመሠረቱትንና ያላዋጡበትን አካል እንደ ኅብረት ቆጥሮ ከእርሱ የኅብረት ሥራ መጠበቅ ቅሬታ ብቻ ይወልዳል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

የዕድር ጉልበት ያለበት ቦታ

አንድ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ሲቀመጥ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የዘገየና የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ የገባና የወጣውን ያነባል። ንብረት ክፍሉ ስንት ወንበር እንዳለ፣ ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ፣ የትኛው ድስት እጀታው እንደወለቀ ይናገራል። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አባል ተነሥታ፣ ባለፈው ሐዘን ላይ ድንኳኑ ተቀድዶ ዝናብ ሲያስገባ እንደነበረና እስካሁን ለምን እንዳልተሰፋ ትጠይቃለች። ጥያቄዋን ማድበስበስ አይቻልም፤ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ተቀምጦ ነበርና።

የዕድር ቁጥጥር ምስጢሩ ይኸው ነው። ኦዲተር ቢኖርም ዋናው ተቆጣጣሪ የአባሉ ዐይን ነው። ገንዘብ ያዡ የት እንደሚኖር፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ኑሮው በድንገት ተለውጦ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል። የሚከፈለው ገንዘብም ሲከፈል ይታያል፤ ሰው ሞቶ ድንኳኑ ካልተተከለ መላው ሰፈር ያየዋል።

ኅብረት ሲመሠረት ይህ ዐይን አንድ ደረጃ ይርቃል። የኅብረቱን ገንዘብ ያዥ ተራው ዕድርተኛ አያውቀውም፤ የኅብረቱ ወጪ በሰፈሩ አይታይም፤ ስብሰባው የተወካዮች ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የዕድሮች ኅብረት ምዘና ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠቀለላል፦ በራቀው ዐይን ፋንታ ምን ተተካ? የአባል ዕድሮች ብዛት፣ የቢሮው ስፋት ወይም የማኅተሙ ውበት ለዚህ መልስ አይሆንም።

ከዚህ ቀደም የተሞከረው

ዕድር መቼና እንዴት ተጀመረ በሚለው ላይ አጥኚዎች አይስማሙም። ወደ አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣው መፈናቀልና ሞት አስፋፋው የሚሉም አሉ። ብዙዎች የሚስማሙበት የከተማ ልጅ መሆኑ ነው፤ ዘመድ የራቀው ሰው ጎረቤቱን ዘመድ ያደረገበት ሥርዓት ነው።

ከቀብር ያለፈ ትብብርም አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ከከተማ ባሰባሰቡት መዋጮ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው መንገድ አሠርተዋል። የተወላጅነት መረብ ከአንድ ሰፈር ካዝና በላይ የሆነ ሥራ መሸከም እንደሚችል ያሳየ ነበር። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ግን የቀበሌ ማኅበራት ሰፈሩን ያዙት፤ ዕድርም በአመዛኙ ወደ ቀብርና ማስተዛዘን ተመለሰ።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ይህን ድንበር አፈረሰው። ዕድር የተሠላው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይሞታሉ በሚል ነበር፤ ወጣቶች ሲሞቱ ስሌቱ ተፋለሰ። መዋጮ ከፋዩ ራሱ ታመመ፤ ሟቹ ትቶት የሄደው ሕፃን በመዝገቡ ላይ ቦታ አልነበረውም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዕድሮች ተሰባስበው ሕመምተኛ መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ፤ ከመንግሥትና ከውጭ ለጋሾች የመጣ ገንዘብም አገዛቸው። የዛሬዎቹ ብዙ ኅብረቶች ቅርጽ የተገኘው ከዚያ ጊዜ ነው፤ በጎውም ጎደሎውም።

በጎው፣ ዕድር የሞተውን ብቻ ሳይሆን ያለውን መርዳት እንደሚችል መታየቱ ነው። ጎደሎው ደግሞ የተጠያቂነት አቅጣጫ መዞሩ ነው። የገንዘቡ ምንጭ ለጋሽ ሲሆን ሪፖርቱ ወደ ለጋሽ ይሄዳል፤ ቋንቋውና ቅጹም የለጋሽ ይሆናል። ዕድርተኛው ያላዋጣበትን ገንዘብ ስለማይጠይቅ ከኋላ ተነሥታ የምትጠይቀው ሴት ትጠፋለች። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ ቢሮውን የሚከራይ፣ ጸሐፊውን የሚከፍል አይገኝም። ከእርዳታ ገንዘብ ጎን የራሱን ትንሽ መዋጮ ያላቋረጠ ኅብረት ለመቆም የተሻለ ዕድል አለው። መዋጮው ቢያንስም ቢበዛም፣ አባሉን ጠያቂ አድርጎ ያቆየዋል።

ሕጉ የተወው ክፍተት

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት ይደነግጋል፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤና የሥራ አመራር ቦርድ የሚሉት ጽንሰ ሐሳቦች ከዚያ የመጡ ናቸው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001ም፣ እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነታቸው ወሰን ውጭ አድርገዋል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ባህላዊ መረዳጃን በፈቃድና በዓመታዊ ሪፖርት ላለማስጨነቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ዕድሮች ሲሰባሰቡ ነው። በአዋጅ 1113 ኅብረት የሚባለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች መሰባሰብ ነው፤ ዕድሮች ደግሞ በአዋጁ ድርጅት አይደሉም። ስለዚህ ገንዘብ ተቀብሎ ፕሮጀክት መሥራት የሚፈልግ የዕድሮች ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መንገድ፣ ጥቂት ግለሰቦች መሥራች ሆነው እንደ አገር በቀል ድርጅት መመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ በሕግ ፊት ያሉት አባላት እነዚያ ግለሰቦች ናቸው። አንድ ዕድር ተወካዩን ቢሽር ሰውየው ከዕድሩ ይሻራል እንጂ ከድርጅቱ መሥራችነት አይሻርም። የድርጅቱ ደንብ ይህን በግልጽ ካላሰረው፣ ኅብረቱ ሳይታወቅ ከዕድሮቹ እጅ ወጥቶ የመሥራቾቹ ይሆናል።

ምዝገባው የራሱ ግዴታም አለው። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሒሳብ በወቅቱ መመርመር አለበት። ለዕድር ሽማግሌዎች ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ነገር ግን የራቀውን ዐይን ከሚተኩት መካከል አንዱ ስለሆነ በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ሊሸሹት አይገባም። የሚሻለው ሌላ ነው፦ የዕድሮች ኅብረት ግለሰቦችን ሳይሆን ዕድሮቹን ራሳቸውን አባል አድርጎ የሚመዘገብበት ቀላል ሥርዓት።

ገንዘቡ እንዴት ይሠራል?

የኅብረት ትልቁ የኢኮኖሚ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ለምሳሌ ያህል 200 አባላት ያሉት ዕድር በወር 50 ብር ቢሰበስብ በዓመት 120,000 ብር ያገኛል። ለአንድ ሞት 15,000 ብር የሚከፍል ከሆነ 8 ሞት ይችላል። በአማካይ በዓመት 6 ሰው የሚሞትበት ከሆነ የተቀረው ለድንኳንና ለዕቃ ይተርፋል። ዕክሉ፣ ሞት በአማካይ አይመጣም፤ በአንዱ ዓመት 2፣ በሌላው 11 ሊሆን ይችላል። በ11ዱ ዓመት ዕድሩ 45,000 ብር ይጎድለዋል። ይህን ጊዜ ወይ ተጨማሪ መዋጮ ይጥላል፣ ወይ ክፍያ ይቀንሳል።

እንዲህ ያሉ 20 ዕድሮች ቢሰባሰቡ በጠቅላላው የሚጠበቀው ሞት 120 አካባቢ ነው፤ የየዓመቱ ቁጥር ግን በአብዛኛው ከ100 እስከ 140 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለአንድ ዕድር እጥፍ ሊሆን የሚችለው አደጋ ለሃያው በአብዛኛው ከአምስት አንድ እጅ በላይ አይዋዥቅም። ስለዚህ ከየአባሉ በወር 3 ብር ተጨማሪ ቢሰበሰብ በዓመት 144,000 ብር ይሆናል፤ ከ8 በላይ ሞት ለደረሰበት ዕድር ከ8 ያለፈውን ለመክፈል በአብዛኛው ዓመት ይበቃል። የመድን ባለሙያዎች ይህን ጠለፋ መድን ይሉታል፤ መድን ሰጪው ራሱ ሌላ ዘንድ መድን የሚገባበት አሠራር ማለት ነው።

ስሌቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይፈተናል። ወረርሽኝ ሁሉንም ዕድር ባንድ ጊዜ ሲመታ መሰባሰብ አያድንም። በዕድሜ የገፉ አባላት የበዙበት ዕድርና ወጣት የበዛበት የኮንዶሚኒየም ዕድር እኩል ሲያዋጡ ወጣቱ ሁልጊዜ ከፋይ፣ ሽማግሌው ሁልጊዜ ተቀባይ ይሆናል፤ ይህ መደጋገፍ ነው ተብሎ አስቀድሞ ካልተስማሙበት ቂም ያስይዛል። እንዲሁም አንዱ ዕድር ለሐዘንተኛ የሚከፍለውን በራሱ ጊዜ ከፍ አድርጎ ሸክሙን ወደ ጋራው ካዝና ሊያሸጋግር ይችላል፤ ስለዚህ ኅብረቱ ለአንድ ሞት የሚከፍለው ጣሪያ በደንብ መጻፍ አለበት።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ጊዜ ነው። ሰው ሲሞት ቀብሩ በማግሥቱ፣ አንዳንዴም በዕለቱ ነው። ሳጥኑ፣ መኪናው፣ የለቀስተኛው ምግብ ገንዘብ የሚጠይቁት ያኔ ነው። የሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ ሌሊት ቢቀሰቀስም ከእጁ ያለውን ይሰጣል። ሦስት ፈራሚ ያለው የኅብረት ሒሳብ ግን ቅዳሜ ማታ ለሞተ ሰው ሰኞ ድረስ ዝግ ነው። ኅብረቱ ለቤተሰብ በቀጥታ ከመክፈል ይልቅ ዕድሩ ቀድሞ እንዲከፍል አድርጎ በኋላ ለዕድሩ መተካት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ማን ማንን ይወክላል?

ድምፅ በዕድር ይሁን ወይስ በአባላት ብዛት የሚለው የመጀመሪያው ክርክር ነው። አንድ ዕድር አንድ ድምፅ ሲሆን 60 አባል ያለው ከ600ው ጋር እኩል ይወስናል፤ ትልቁ ዕድር ብዙ አዋጥቶ ጥቂት መወሰኑ አያስደስተውም። በብዛት ሲሆን ደግሞ ሁለት ትልልቅ ዕድሮች ተስማምተው የቀሩትን ተመልካች ያደርጋሉ። መካከለኛው መንገድ የተለመደውን ሥራ በዕድር ድምፅ፣ መዋጮ መጨመርንና ንብረት መሸጥን በሁለቱም ስሌት ድጋፍ መወሰን ነው።

ከዚህ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው የሴቶች ዕድር ጉዳይ ነው። በብዙ ሰፈሮች የቤተሰብ ዕድር የሚመዘገበው በአባወራው ስም ነው፤ የሴቶች ዕድር ለብቻው አለ፤ ገንዘቡ ያነሰ፣ ሥራው የበዛ። ሐዘን ቤት ሌሊት የሚያድሩት፣ ወጡን የሚሠሩት፣ ሐዘንተኛዋን የሚያጽናኑት እነርሱ ናቸው። ኅብረት ሲመሠረት ግን ጥሪው የሚሄደው ድንኳንና የባንክ ሒሳብ ላለው ዕድር ነው። ውጤቱ በወንዶች የተሞላ ሥራ አስፈጻሚ ነው፤ የተቸገረ አረጋዊ የት እንዳለ የሚያውቁት ደግሞ ስብሰባው ላይ የሉም። ለማረም የሴቶችን ዕድር እንደ ሙሉ አባል መቀበልና ስብሰባን ለእነርሱ በሚያመች ሰዓት ማድረግ ይበቃል፤ ልዩ ፕሮጀክት አያሻውም።

ከመንግሥት ጋር ያለው ርቀት

አንድ ወገን ኅብረቱ ከወረዳው ጋር ካልተጠጋ ቦታ፣ የስብሰባ አዳራሽና የድጋፍ ደብዳቤ አያገኝም ይላል። ሰፈር ሲነሣ ለዕድር የጋራ ንብረትና ዕቃ ማስቀመጫ ካሳ ወይም ምትክ የሚጠይቅ አካል መኖር አለበት፤ ብቻውን የሚሄድ ዕድር ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሌላው ወገን ዕድር ዘመናትን የተሻገረው ፖለቲካን ከደጁ ስላራቀ ነው ይላል። የተለያየ እምነት፣ ብሔርና አቋም ያለው ሰው ባንድ ድንኳን የሚቀመጠው ለቅሶው የማንም ስላልሆነ ነው። ኅብረቱ የቅስቀሳ መስመር ወይም የግዴታ መዋጮ ማሰባሰቢያ ከሆነ ያ ይፈርሳል።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ግን ይበልጥ ሊሰማ ይገባዋል፤ የጠፋ አዳራሽ ይገኛል፣ የጠፋ አመኔታ ግን በቀላሉ አይመለስም። መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የኅብረቱን ስብሰባ ማን ይጠራል? አጀንዳውንስ ማን ይጽፋል? የኅብረቱ ሰብሳቢ የወረዳ ሹመት ያለው ከሆነ፣ አንድ ሰው በሁለት ወገን ሊቆም አይችልምና ከአንዱ መልቀቅ አለበት።

ምዘናው ሲደረግ

አብዛኛው ምዘና የሚደረገው መሪዎቹን በመጠየቅ ነው። ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ዕድር አባል ሆነ፣ ስንት ሰው ተረዳ የሚል ቅጽ ይሞላል። ይህ የመሪዎቹን ትጋት ይነግረናል፤ ስለ ኅብረቱ ጤንነት የሚነግረን ጥቂት ነው።

የተሻለው ከታች መጀመር ነው። ከአባል ዕድሮች አነስተኛውን መርጦ ተራ አባላቱን መጠየቅ፦ ኅብረት እንዳለ ታውቃላችሁ? ተወካያችሁ ማን ነው? ከስብሰባ ተመልሶ ምን ነገራችሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝምታ ከሆነ ውክልናው ተቋርጧል። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤውን ማገላበጥ ነው። ባለፉት ዓመታት ከሥራ አስፈጻሚው የቀረበ ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ ውድቅ ሆኖ ካልተገኘ፣ ጉባኤው እያጨበጨበ እንጂ እየወሰነ አይደለም። ከኅብረቱ የወጣ ዕድር ካለ እንዴት እንደወጣ፣ ድርሻውን አግኝቶ እንደሆነ መጠየቅም ብዙ ያስተምራል፤ መውጫ የሌለው ኅብረት አባሉን አያከብርም።

የሒሳብ መርማሪዎቹ ማን እንደሆኑም ይታይ። ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ባንድ ቀን፣ ባንድ ጥቆማ የተመረጡ ከሆነ ቁጥጥሩ ወረቀት ላይ ነው። ከየዕድሩ በዕጣ የሚወጡ፣ በየዓመቱ የሚለወጡና ሪፖርታቸውን ለሥራ አስፈጻሚው ሳይሆን ለየዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የሚያነብቡ መርማሪዎች የራቀውን ዐይን መልሰው ያቀርቡታል። ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

ሰፈር ከተነሣ በኋላ

በቀጣዮቹ ዓመታት የኅብረቶች ትልቁ ፈተና የተበተነው አባል ነው። አሁን ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ያስከፍላል። የተነሣው ሰው ከአሮጌው ዕድር ሳይወጣ ከሩቅ መክፈሉን ሊቀጥል ይችላል፤ ሲሞት ግን ድንኳኑ ከተማ አቋርጦ መምጣት አለበት፤ ለቀስተኛውም በታክሲና በአውቶቡስ። በአዲሱ መንደር ዕድር ሊገባም ይችላል፤ ነገር ግን በቆየ ዕድር መግቢያ የሚከፈለው እስካሁን ከተጠራቀመው ንብረት ድርሻ ነው፤ ሃያ ዓመት ያዋጣ ሰው እንደ አዲስ ይከፍላል። ወጣቱ ይህን ሊችለው ይችላል። ጡረተኛው አይችልምና በአሮጌው ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ዕድር የአባላቱ ቁጥር ከ200 ወደ 120 ሲወርድ የሞቱ ቁጥር በዚያው ልክ አይወርድም፤ ገቢው ወደ 72,000 ብር ሲያሽቆለቁል ወጪው ይከተለዋል ማለት አይደለም።

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያሉ የኢትዮጵያውያን ዕድሮች አባሎቻቸው ከመጀመሪያውም የተበታተኑ ነበሩ። መሠረታቸው ገንዘብ ነው፤ ክፍያው አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ጭምር ይውላል። ዕድር ያለ ሰፈር መኖር እንደሚችል ያሳያሉ፤ ሐዘን ቤት ማደሩንና ዕቃ ማጠቡን ግን ገንዘብ አይሠራውም። አዲስ አበባ ላይ ይህን ጎን ማዳን የሚቻለው በመንደሩ ያለው ዕድር የመጣውን ሰው በቶሎ ሲቀበለው ነው።

እዚህ ላይ ኅብረት ብቻ የሚችለው ሥራ አለ፦ የአባልነት ዝውውር። አንድ አባል ከአንዱ ዕድር ወደ ሌላው ሲሄድ ያዋጣባቸው ዓመታት እንዲቆጠሩለት፣ የመግቢያውን ከፊል የቀድሞ ዕድሩ ከንብረቱ ድርሻ እንዲከፍልለት፣ የቀረውን በየወሩ እንዲከፍል ዕድሮች በደንብ ሊስማሙ ይችላሉ። በ11ዱ ክፍለ ከተሞች ያሉ ኅብረቶች እርስ በርስ ቢዋዋሉ ከፒያሳ ገላን ጉራ የሄደ ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ለውሉ የሚያስፈልገው መረጃ የአባሉ የገባበት ቀን፣ የከፈለው መዋጮና ያለበት ውዝፍ ነው፤ ሦስቱም ዛሬ በየዕድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።